አቶ መርዳሳ ጃራና የቡርቃ ሎላ ምድር

ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ በዚህ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የቆማችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ የአቶ መርዳሳ ጃራን የሕይወት ታሪክ ከማንበባችን በፊት አንድ ነገር ማስታወቅ ይገባናል። ከዚህ ጽሑፍ መካከል አንዱን ክፍል ያስጻፉት ራሳቸው ሟች ናቸው። አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ የባለቤታቸውን ወንድም ጠርተው፣ «ይህን ሳታነቡ አፈር እንዳታለብሱኝ» ብለው አዝዘዋልና እንደ ትእዛዛቸው ይነበባል።

አቶ መርዳሳ ከአባታቸው ከአቶ ጃራ ጎበናና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢፍቱ ሆራ በ1924 ዓ.ም. በመተሐራና በአቦምሳ መካከል ባለው ቆላ፣ ቡርቃ ሎላ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከብት አርቢዎች ነበሩ። ሎላ የሚባለው ጎሣቸው በበጋ ከብቱን ከምንጩ እያጠጣ፣ በክረምት ወደ ደጋው ጥግ እያወጣ፣ ሙታኑን ከምንጩ በላይ ባለው ጉብታ ላይ በድንጋይ ካብ ሥር እያሳረፈ፣ ግራሩን ሳይቆርጥ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍበት የኖረ ምድር ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው፣ በናዝሬት ቆዳ ይነግዱ የነበሩት አጎታቸው፣ ከጎሣው አንድ ሰው እንኳ የመንግሥትን ቋንቋ ይወቅ ብለው አባታቸውን ለምነው ወደ ከተማ አመጧቸው። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲሸኟቸው «አፋችን ሁን» እንዳሏቸው ዘወትር ይናገሩ ነበር። በናዝሬት ወልደ ሐና ተብለው ክርስትና ተነሡ፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1945 ዓ.ም. በአውራጃው ጽሕፈት ቤት በአስተርጓሚነት ተቀጠሩ። በ1950 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጤናዬ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ራሳቸው ያስጻፉት፣ በእኛ አነጋገር የተጻፈ ነው።

በ1958 ዓ.ም. ቡርቃ ሎላን ለዱር አራዊት ለመከለል ሹማምንት ከአዲስ አበባ ሲመጡ፣ አቶ መርዳሳ ለማስተርጎም አብረው ተላኩ። ሹሙ ተነሥተው፣ ምድሩ ለዘለዓለም ይከለላል፣ ሰውም ከብትም ይወጣል፣ ተመልሶም አይገባም አሉ። ከሹሙ በስተኋላ ጠመንጃ የያዙ ፖሊሶች፣ ከሽማግሌዎቹ በስተኋላ ጦር የያዙ ጎረምሶች ቆመው ነበርና አቶ መርዳሳ ይህን አይተው ቃሉን ለወጡት። «ሣሩ እስኪያገግም ነው፤ ለአንድ ክረምት ብቻ» ብለው አስተረጎሙ። ሽማግሌዎቹም፣ ከእነርሱም መካከል አባታቸው አቶ ጃራ፣ በወረቀቱ ላይ የጣት አሻራቸውን አሳረፉ። ሦስተኛው ወር ሳይሞላ ስድሳ አራት ቤት ፈርሶ፣ ሕዝቡ ውኃ ወደሌለበት ድንጋያማ ቆላ ተወሰደ። ደም እንዳይፈስ ብዬ ነው እያሉ ለራሳቸው ሲነግሩ ቢኖሩም፣ በዚያን ቀን የፈሩት ለሰው ደም ይሁን ለገዛ እንጀራቸው እስከ ዛሬ ለይተው እንዳላወቁ አስጽፈዋል። አባታቸው ግን፣ «ሹሙን አላውቀውምና አልወቅሰውም፤ ቃሉ የመጣው በልጄ አፍ ነው» ብለው፣ በ1961 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ አላነጋገሯቸውም።

ያስጻፉት እዚህ ላይ ያበቃል።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታውጆ ጭሰኛው ሁሉ የሚያርሰውን መሬት ሲያገኝ፣ ቡርቃ ሎላ ግን ጥብቅ ክልል በመሆኑ እንደተዘጋ ቀረ። በማግሥቱ ዓመት አቶ መርዳሳ በገዛ ፈቃዳቸው ወደ ጥብቅ ክልሉ ተዛውረው የጥበቃዎቹ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆኑ፤ ቤተሰባቸውን በናዝሬት ትተው፣ በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ በጭነት መኪና እየመጡ ይጠይቁ ነበር። በዚያ የነበሩት ጥበቃዎች አሥራ አንድ ብቻ ሲሆኑ ከሰል አክሳዩ ግራሩን ይጨርሰዋል፣ አዳኙ ሳላውን ይፈጀዋል፣ በድርቅ ጊዜም የሎላ ከብት ሽቦውን ጥሶ እየገባ ይታሰራል። በ1971 ዓ.ም. በአንድ ቀን አንድ ጥበቃና አንድ እረኛ በጥይት ሞቱ፤ ሁለቱንም ሬሳ በአንድ መኪና ጭነው ወደ መተሐራ የወሰዱት አቶ መርዳሳ ነበሩ።

ከዚያ ሲመለሱ ወደ ጥብቅ ክልሉ ኃላፊ ወደ አቶ ሐዲስ ቢሮ ገብተው፣ «ጌታዬ፣ ይህን ዱር አባቶቻችን ሲጠብቁት ሳላው ከከብቱ ጋር ይጠጣ ነበር። ጠባቂውን አስወጥተን ጥበቃ እንፈልጋለን» አሏቸው። አቶ ሐዲስም ደን የተማሩ፣ ነገር የሚገባቸው ሰው ነበሩና፣ «በጽሑፍ ያምጡልኝ፤ እኔም እፈርምበታለሁ» ብለው መለሱ። ያ ጽሑፍ ከክልሉ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ተመልሶ እንደገና ወደ ክልሉ ሲመላለስ አራት ዓመት ወሰደ።

በታኅሣሥ 1975 ዓ.ም. ፈቃድ ተገኝቶ ሁለቱ ወገኖች፣ ጥብቅ ክልሉና ጎሣው፣ ከግራር ሥር ተቀመጡ። አቶ መርዳሳ ሊያስተረጉሙ ሲነሡ፣ የጎሣው ታላቅ አቶ ቀነኒሳ ከዘራቸውን አንሥተው፣ «ያን ጊዜ ሹሙ ምን ነበር ያለው?» ብለው ጠየቋቸው። አቶ መርዳሳም፣ «ለዘለዓለም ነበር ያሉት። ለአንድ ክረምት ያልኳችሁ እኔ ነኝ» አሉ። የተቆጣም የጮኸም አልነበረም። አቶ ቀነኒሳ ብቻ፣ «እንግዲያውስ ዛሬ ሌላ ሰው ያስተርጉምልን» አሉ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከአቦምሳ መጥታ በዚያው የቀረችው መምህርት ፋዲላ ራህመቶ ተነሥታ አስተረጎመች፤ አቶ መርዳሳም አራት ዓመት የደከሙበት ነገር ሲነገር፣ ከሕዝቡ መካከል መሬት ላይ ተቀምጠው ሰሙ።

በስምምነቱ መሠረት ምንጩ፣ የመቃብሩ ጉብታና የምዕራቡ የበጋ ግጦሽ ለሎላ ጎሣ ተመለሰ፤ ጎሣው በፈንታው ሃያ አራት ጥበቃዎችን ከልጆቹ ሊሰጥ፣ ግራር ላይቆርጥ፣ ላያርስ፣ ከሰልም ላያከስል ቃል ገባ። ከብቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ምንጩ በወረዱበት ቀን ሕዝቡ ሲዘፍን አቶ ሐዲስ፣ «ደስ አይልዎትም?» ቢሏቸው፣ «ምንም አይሰማኝም» ብለው መለሱ። ኋላ ላይ በመንደር ምሥረታ ጊዜ ቤቱ ሁሉ ወደ መንገዱ ዳር ቢወጣም፣ ምንጩና ጉብታው እስከ ዛሬ በጎሣው እጅ ናቸው።

አንድያ ወንድ ልጃቸው ጎበና በ1978 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ዘመተ። ከከረን የጻፈው የመጨረሻ ደብዳቤ ከደረሰ እነሆ ሃያ ወር ሆኖታል። አቶ መርዳሳ ልጃቸው በዘመተ በዓመቱ ጉበታቸውን ታመው፣ በናዝሬትና በአዲስ አበባ ቢታከሙም አልሻላቸው ብሎ፣ ኅዳር 14 ቀን 1981 ዓ.ም. ከጧቱ በአንድ ሰዓት በመኖሪያ ቤታቸው በተወለዱ በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ። ወይዘሮ ጤናዬ ዓይናቸውን ከድነው፣ ፊታቸውን አጥበው፣ ከዚያም ወጥተው በር ላይ ተቀመጡ። እንባ ገና አልመጣላቸውም፤ ለሌሎቻችንም እንዲሁ።

ዛሬ ማለዳ አቶ ቀነኒሳ ከሰባት የሎላ ሽማግሌዎች ጋር በጭነት መኪና ደርሰው፣ በዚያ በአጥሩ ጥግ ተቀምጠዋል። ይቅር ብለናል የሚል ቃል ከእነርሱ አልሰማንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ሬሳው ከቤት ሲወጣ ግን አቶ ቀነኒሳ በሰማንያ ዓመታቸው የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ይዘው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ተሸክመዋል።

አቶ መርዳሳ ሠላሳ አንድ ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጤናዬን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ አሳየችንና ሻሼን፣ ሦስት የልጅ ልጆችንም ትተው አልፈዋል። የጎበናን ስም ከሙታን ወይስ ከሕያዋን ወገን እንደምናነብ ስንከራከር አምሽተን፣ እናቱ «ከቀሩት ጋር አንብቡት» ስላሉ እንዲህ እናነባለን፤ አቶ መርዳሳ ልጃቸውን ጎበና መርዳሳንም ትተው አልፈዋል።

የሁላችን ፈጣሪ ለወንድማችን ለወልደ ሐና የነፍስ ዕረፍትን፣ ለጎበና የመመለሻ መንገድን፣ ለወይዘሮ ጤናዬም የሚያለቅሱበትን ቀን ይስጥልን። አሜን።