አያ ተሰማ ለምን እንደማያጎነብሱ ያስረዳሁ ዕለት

ጎረቤታችን አያ ተሰማ አከርካሪያቸው እንደ ሞፈር ደርቆ የቀረ ሰው ናቸው። በጥሊያን ጊዜ ነው፤ እሳቸው በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ፣ ወደ ቡሬ ገበያ ስንሄድ ኬላ ላይ አስቆሙን። እዚያ ባንዲራው ፊት ያላጎነበሰ ይገረፋል። አያ ከበቅሎዋ እንደምንም ወረዱ፤ ማጎንበሱ ግን ከየት ይምጣ! የኬላው ሹም፣ ጥሊያኑ፣ የናቁት መስሎት አለንጋውን አነሣ።

«ጌታዬ፣ ንቀት አይደለም፣ ደዌ ነው!» ብዬ ዘልዬ መሐል ገባሁ። ከሐኪም ቤት ደጅ እየተመላለስሁ የቃረምሁትን ሁሉ አስተርጓሚው እስኪደክመው ዘረገፍሁት። «ደዌው አከርካሪን እያቃጠለ ያደርቃል። እሳቱ ግን እዚያ አይቆምም፤ ደም ሥርንም ያደድራል፣ ልብንም ያደክማል።» ሹሙ ይኸን ሲሰማ አለንጋውን አወረደ። አያም በዓይናቸው «ይበቃል» አሉኝ።

እኔን መች በቃኝ! «መድኃኒቱ ደግሞ በእግር መሄድ ነው» አልሁ። «ወገቡንም ደም ሥሩንም የሚያፍታታው እሱ ነው። በቅሎ ላይ ተቀምጦ መዋል ይጎዳቸዋል።»

ሹሙ ትርጉሙን ሰምቶ ሣቀ። የበቅሎዋን ልጓም ከአያ እጅ ወሰደና በአስተርጓሚው በኩል «እንግዲያውስ ይታከሙ» አለ።

ያን ሁሉ መንገድ በእግራችን ተመለስን። ሰፈራችን ስንደርስ አላስችል አለኝና «አያ፣ ወገብዎ አልተፍታታም?» አልኋቸው።

አንገታቸው ስለማይዞር መላ አካላቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ተፍታቷል» አሉ። «ግን ልጄ፣ ከእንግዲህ ስታስረዳ በራስህ በቅሎ ይሁን።»