የቀንበሩ ጉጥ

ዘመኑ ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. ነበር፤ ዝናቡ ዘግይቶ ጀመረና አላባራ አለ። እኔና ጎረቤቴ አየነው ያለን አንድ አንድ በሬ ስለሆነ ተቀናጅተን በየተራ እናርሳለን። አንድ ቀን ከእሱ ማሳ የተመለሰውን በሬዬን ጫንቃው ተልጦ አገኘሁት። የዘር ጊዜ ቢያልፍብንም ቅንጅቱን ላፈርስ ቆርጬ ቤቱ ሄድሁ።

«በሬዬን ገደልኸው!» አልሁት።

አየነው ቀንበሩን አምጥቶ ከሥሩ በእጄ አስዳሰሰኝ። በደንብ ያልተጠረበ ጉጥ ነበረው።

«ይኸን ማን ጠረበው፣ አያ ተመስገን?»

ጠራቢው እኔ ነኝ። «አይተህ ለምን አልነገርኸኝም?»

«አንቱን ማን ደፍሮ ይናገራል? ሞፈሩ አጠረ ብልዎት ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ! ጨርቅ ጠምጥሜበት ነበር፤ ዝናቡ አወለቀው።»

ሚስቱ ከጓዳ ሳቀች። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። ሰው ጥፋቴን ከሚነግረኝ ጉጥ ላይ ጨርቅ መጠምጠም እንደሚቀለው እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከእንግዲህ ያየኸውን ንገረኝ፣ ባኮርፍም ንገረኝ» አልሁት። መጥረቢያ ተቀብዬ ጉጡን እዚያው አነሳሁት። የበሬው ጫንቃ ሲሽር ተራው የእኔ ነበር፤ ተራዬን ለአየነው ለቀቅሁለት።