ጋሽ ጨርሱን ስንሸኝ

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፤ ቤተሰቡን ለማጽናናት ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ሁሉ። ፀሐዩ በርትቷል፤ ብዙ አላቆማችሁም። በጤና ጣቢያችን እኔ መርፌ ስወጋ፣ እሱ ከጎኔ ባለው መስኮት መድኃኒት ሲሰጥ አብረን ያረጀን ነን። የመዝገብ ስሙን ብጠራው ግማሻችሁ ማን ሞተ ትላላችሁ። ስለዚህ ሁላችንም እንደምንጠራው ልጥራው፤ ጋሽ ጨርሱ።

ይህን ስም ማን አወጣለት? እኛው ነን። ያን ጊዜ አግዳሚ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ማን ነበር? ተቅማጥ ያደከመው ሕፃን፣ ወባ የሚያንቀጠቅጠው ጎልማሳ። ሰው መድኃኒት ይወስዳል፤ ትንሽ ሻል ሲለው ያቆማል፤ የተረፈውን ለጎረቤት ያስቀምጣል። ጋሼ በዚህ ይንጨረጨር ነበር። «ጨርሱ። ባዶውን አምጥታችሁ አሳዩኝ» ይላል። አንዲት እናት ብልቃጡን አጥባ፣ አድርቃ፣ በመሀረብ ጠቅልላ አመጣችለት። በሁለት እጁ ተቀብሎ ለተሰለፈው ሰው ሁሉ አሳየ። እሷ በኀፍረት ልትሞት፤ ልጇ ግን ድኖ ከኋላዋ ይሯሯጣል። ጨረስን፤ ዳንን።

ከዚያ አገሩ ተለወጠ። መንገድ ገባ፣ ፎቅ በቀለ፣ ውሃው በቧንቧ መጣ። በእግሩ ይሄድ የነበረው ታክሲ ያዘ፤ ቆሞ ይሠራ የነበረው ወንበር አገኘ። ሕፃናቱ ከአግዳሚው ላይ ቀነሱ። በቦታቸው ማን መጣ? ደህና የለበሱ፣ ምንም የማያማቸው እናት አባቶቻቸው። ደም ግፊት። ስኳር።

እዚህ ፊት ለፊት ከዘራ ተደግፈው የተቀመጡት የጋሼ ታላቅ ወንድም የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ግፊት ተገኘባቸው፤ ክኒን ተሰጣቸው። አንድ ቀን ሳያጓድሉ ዋጡና ጨረሱ። በቃ፣ ድኛለሁ አሉ። ወራት አልፎ ጭነት ሲያራግፉ ወደቁ፤ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ጋሼ አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብሎ ለምን እንዳቆሙ ጠየቃቸው። በተጣመመ አፋቸው፣ «አንተ አይደለህ ጨርሱ ያልከን?» አሉት።

በማግስቱ ከመስኮቱ ጀርባ ወጥቶ አግዳሚው ፊት ቆመ። «የድሮው በሽታ እንግዳ ነበር፤ ይሸኛል። ይሄኛው አብሮን ሊኖር ነው የመጣው። ክኒኑ ሲያልቅ ኑና ሌላ ውሰዱ» አለ። ታዲያ ስምህ ይቀየር ወይ ብለን አሾፍንበት። አልሳቀም። ከዚያ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ ወንድሙ ቤት ይሄዳል፤ ክኒንና ውሃ ያቀብላል፤ እስኪውጡ ቆሞ ያያል። እሳቸው ልጅ ነኝ እንዴ እያሉ ያኮርፉ ነበር። «እኔ የቀረሁ ቀን ክኒኑን ይተወዋል» ይለኛል ጋሼ። ከራሱ ሞት ይልቅ ይሄ ነበር የሚያስጨንቀው።

ትናንት ለቅሶ ቤት አንዱ፣ ጋሼ ራሱም ክኒን ይውጥ አልነበር፣ ታዲያ ምን ፈየደለት ሲል ሰማሁ። ፈይዶለታል እንጂ። ልጁን ዳረ፤ የልጅ ልጅ አቀፈ፤ እስከ መጨረሻው በገዛ እግሩ ሄደ። ልቡ በእድሜው ደከመ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህና ልሸኝህ። ዛሬ አስከሬንህ ከቤት ሊወጣ ሲል ወንድምህ ውሃ ጠየቁ። ለቅሶው አድክሟቸው መስሎን ተሯሯጥን። በደህናው እጃቸው ከኪሳቸው ክኒን አወጡና ዋጡ። ማንም አላስታወሳቸውም። ከዚያ ነው ያለቀሱት።

በል ጋሼ፣ አትስጋ። ደህና ሁን።