ሰማያዊ እንቁላል የምትጥለው ቄብ

ከመልካ ጀብዱ ወደ ድሬ በሚኒባስ ስንመለስ፣ ከፊቴ ቄብ ዶሮዎች የያዘ ካርቶን ያቀፈ ነጋዴ ተቀምጧል። አጠገቡ ያለችው ሴት አንገቷን አስግጋ ካርቶኑን አየችና ጠየቀችው።

«አቦ፣ ሰማያዊ እንቁላል የምትጥል ዶሮ አለች የሚሉት እውነት ነው?»

«ወላሂ አለች። እነዚህ ራሳቸው ናቸው፤ ሁለት ዓይነት ዘር ነው ያመጣሁት። ለንግድ ፈልገሽ ነው?»

«ለአባቴ ነው። የጎረቤት ልጅ በስልክ አሳየው። ከዚያ ወዲህ ‹ያንን እንቁላል ሳልቀምስ አልሞትም› ይላል።»

«አሞት ነው እንዴ?»

«አልጋ ከያዘ ቆይቷል። ሐኪሞቹም ‹በቃ፣ ቤቱ ውሰዱት› ብለውናል።»

«አላህ ያሽረው።»

«አሚን።»

ሰውዬው ካርቶኑን ከፈት አደረገ።

«እንግዲያው ይቺን ውሰጂ። ቀጭን ናት፣ ግን ቶሎ ትጥላለች።»

«ያቺ ወፍራሟስ?»

«እሷ ሥጋ ታበዛለች፤ እንቁላሏ ይዘገያል። ላንቺ አትሆንም።»

«እሷን ስጠኝ።»

«እህቴ፣ አልሰማሽኝም እንዴ? ብዙ ነው የምታስጠብቅሽ።»

«ሰምቼሃለሁ። አባቴ ቃሉን አጥፎ አያውቅም። ከሷም የባሰ የምትዘገይ ካለችህ እሷን ስጠኝ።»

ሰውዬው ወፍራሟን አወጣና ሰጣት።

«ሙቀት አትችልም፤ ጥላ ውስጥ አኑሪያት» አላት።

ፀሐዩ በኔ መስኮት ገብቶ እቅፏ ያለችውን ቄብ ሲያገኛት፣ ሻሼን ፈትቼ እስክንወርድ ድረስ መስኮቱን ጋርጄ ያዝኩ።