የዘነበችን ዝግባ የነቀሉ ዕለት

ጠጋ በሉማ ልጆቼ። ክረምት ገብቶ ችግኝ ተከላ በተባለ ቁጥር አንጀቴ ያርራል። ጎረቤቴን ዘነበችን ታውቋታላችሁ። እዚህ ሳንሱሲ የወንዙን ዳር ማንም ሳያዛት ዛፍ ያለበሰችው እሷ ናት። በበጋ ውሃ ሲጠፋ የአትክልት እጣቢ ከየቤቱ ለምና፣ በጀሪካን አዝላ ወርዳ ታጠጣለች። አምና ክረምት ታዲያ ችግኝ እንተክላለን ብለው እንግዶች በመኪና መጡ፤ አንድ ዓይነት ቲሸርት፣ ካሜራ፣ ጭብጨባ! ለካ ጉድጓድ የቆፈረ የለም። አስተባባሪው ሰውዬ መሬቱ የለሰለሰበትን ፈለገና ጉልበቴን ያለፈውን የዘነበችን ዝግባ ከነሥሩ መዘዘው። ለምን? ትልቁ እንግዳ በዚያው ጉድጓድ አዲስ ችግኝ እንዲተክሉበት! ዘነበች ጎንበስ ብላ ዝግባዋን ከመሬት አነሳች። እኔን ግን አላስቻለኝም።

«አንተ! የቆመውን ገድለህ አዲሱን ክርስትና ታነሳለህ?» አልኩት።

«እማማ፣ ለፎቶ እኮ ነው፤ በኋላ እንመልሰዋለን።»

«ለፎቶማ ከሆነ አንተው ጉድጓዱ ውስጥ ገብተህ እጅህን ዘርግተህ ቁም!»

ሰው ሳቀ። እንግዳውም ሳቁና ተከሉ፤ ፎቶም ተነሱ። ዘነበችን «እግዜር ይስጥሽ» ያላት አንድ ሰው የለም።

ዝግባውን እኛው መልሰን ተከልነው፤ አልዳነም። የእንግዳው ችግኝም ጥቅምት ሳይወጣ ደረቀ። አስተባባሪው በበጎ ፈቃደኝነቱ ተሸልሞ ወደ ሌላ ወረዳ ሄደ። ዘነበች ወንዙ ዳር ዳግም አልወርድም ብላ ከቤት ዋለች። በጋ ሲከር ግን የዕድር ሴቶች ጀሪካናችንን ይዘን ደጇ ላይ ቆምን። ወጣች። አሁን በተራ እናጠጣለን፤ ተራ የምታወጣው እሷ ናት።