ማኅተሙ ይታያል፣ ፊደሉ አይታይም

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሲራክ፣ ክቡራትና ክቡራን የዩኒየኑ ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም ከግራና ድረስ የመጡት እንግዳዬ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ከሁሉ በፊት ይህን ምሳ ላሰናዳችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። በተለይ ለራሄል። ራሄል የሰው ኃይል ኃላፊያችን ናት፤ ሰው ስትቀጥርም ስትሸኝም እኩል ነው የምታለቅሰው። ላለበሳችሁኝ ጋቢም አመሰግናለሁ። በወልድያ ሙቀት ጋቢ ማልበስ ምን ማለት እንደሆነ አልጠፋኝም። «በቃሽ፣ ቤትሽ አርፈሽ ተቀመጪ» ማለታችሁ ነው። ጋቢውን ወስጃለሁ፤ አርፎ መቀመጡን ግን እንጃ።

ራሄል ትናንት ቢሮዬ ድረስ መጥታ «እትዬ ሂሩት፣ በሞቴ የዌብሳይቱን ነገር ነገ እንዳያነሱት፤ ቀኑ የደስታ ነው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ዋሸኋት።

ታዲያ ምን ላንሳ? እዚህ ቤት ታይፒስት ሆኜ ገባሁ፣ ዛሬ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሆኜ በጡረታ እወጣለሁ። በመካከሉ ከሠራሁት ሁሉ «ይኼ የኔ ነው» ብዬ አፌን ሞልቼ የምናገርላት አንዲት ነገር ብትኖር ያቺ ትንሿ የስልክ ገጽ ናት። እሷን ደግሞ ሰኞ ልትዘጓት ነው። እና ስለ አየሩ ጠባይ ላውራላችሁ?

ለእንግዶች ላስረዳ። ዩኒየናችን የሐብሩን ወረዳ ገበሬ ሽንኩርትና ማንጎ ሰብስቦ ይሸጣል። ገበሬው ከእኛ ማወቅ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ መኪናው ዛሬ የት ቆሞ ይጭናል፣ ዋጋውስ ስንት ነው። ይኼን በዌብሳይታችን እንነግረዋለን። እንነግረዋለን ስል፣ የምንነግረው ይመስለናል ማለቴ ነው።

አሠራራችንን ታውቁታላችሁ። ማስታወቂያው በደብዳቤ ይጻፋል። አቶ ሲራክ ይፈርማሉ። የመዝገብ ቤቷ አሚና ማኅተም ታሳርፍበታለች፤ አሚና ፈቃድ ላይ ከሆነች ማኅተሙም ፈቃድ ላይ ነው። ከዚያ ስካን ይደረግና ፎቶው ይለጠፋል። የወረቀቱ ፎቶ! አናቱ ላይ አርማ፣ ከአርማው ሥር ቁጥርና ቀን፣ ቀጥሎ «ጉዳዩ»፣ ቀጥሎ «ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው»። ገበሬው የሚፈልጋት መስመር ታች፣ ማኅተሙ ካረፈበት አጠገብ ተደብቃለች። ኮምፒውተር ላይ ሲያዩት ያምራል፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይም ያምራል። በስልክ መክፈት ግን ቁም ሣጥን በመስኮት እንደማስገባት ነው።

አቶ ሲራክ ማኅተሙን የሙጥኝ ያሉት እንዲያው በዋዛ አይደለም። አንድ ደላላ በዩኒየኑ ስም የውሸት ዋጋ ቴሌግራም ላይ ለቆ የመርሳን ገበሬ አስደንግጦ በርካሽ አሽጦታል። ያን ጊዜ አቶ ሲራክ «ከእንግዲህ ማኅተም የሌለው ሁሉ ወሬ ነው» አሉ። አልፈርድባቸውም። ያን ሰውዬ ሳስታውሰው ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ግን ስሙኝ። ባለፈው የሽንኩርት ወቅት መርሳ ላይ የምንጭንበት ሜዳ ለውኃ መስመር ተቆፈረና መጫኛው ወደ ሲሪንቃ ተዛወረ። ደብዳቤው ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ማኅተም አረፈበት፣ ተለጠፈ። ከሥርዓቱ አንድም አልጎደለም። እትዬ ፋንቱ ከግራና ሽንኩርታቸውን በአይሱዙ አስጭነው እንደ ወትሮው መርሳ ወረዱ።

ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ጠበቁን። እኛ ደግሞ ሲሪንቃ ቆመን «የግራና ሰው ዛሬ ምን ነካው?» እንባባላለን። መኪናችን ግማሽ ጎኑ ባዶ ሆኖ ሄደ። እትዬ ፋንቱ በማግስቱ ሽንኩርቱን ለደላላ ሰጡት። ሰጡት ነው የምለው፤ ሸጡት ለማለት አፌ አይደፍርም።

በሳምንቱ ቢሮዬ መጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጡም። ስልካቸውን አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና «እስቲ ይኼን አንብቢልኝ» አሉኝ። «አልከፈቱትም እንዳትይኝ፣ ከፍቼዋለሁ። ካርዴን በልቶ በልቶ መጣልኝ። ማኅተሙ ይታየኛል ልጄ፤ ፊደሉ አይታየኝም።»

እትዬ ፋንቱ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥረዋል፤ ያነባሉ። ስልኩን አንስቼ አየሁት። መሀሉ ላይ ክብ ወይን ጠጅ ነገር አለ፣ ዙሪያውን ጉንዳን የተሰለፈበት ይመስላል። በጣቴ ላሰፋው ስል ደበዘዘ። መነጽሬን አደረግሁ፣ ያው ነው። ሴትዮዋ የለፉበትን እኛ በማኅተም ሸፍነን ነው ያስቀረነው።

በዚያው ሳምንት ያቺን ገጽ ሠራሁ። አርማ የለ፣ ፎቶ የለ። ሲከፍቷት መጀመሪያ የሚታየው መኪናው ዛሬ የት እንደሚቆም ነው፣ በትልቅ ፊደል። ከሥሩ የዕለቱ ዋጋ። ከሥሩ ሲነኩት የሚደውል ስልክ ቁጥር። አለቀ። ኔትወርኩ ሲንገዳገድ እንኳ ትከፈታለች።

ብሎጋችንንም እንደዚያው አደረግሁት። ሮማንን ታውቋታላችሁ፣ እዚሁ ወልድያ ሆቴል ያላት። አንድ ቀን «ስለ መርሳ ማንጎ የጻፍሽውን ወጥ እያማሰልኩ አነበብኩት» አለችኝ። ገዢያችን ወንበር ስቦ ተቀምጦ የሚያነበን ይመስላችኋል? በአንድ እጁ ማማሰያ ይዞ በአውራ ጣቱ እየገፋ ነው! እሱን ሰው «ይህ ጽሑፍ ስለ ማንጎ ጠቀሜታ በመጠኑ ለማብራራት ይሞክራል» ስትሉት ወጡ ያርርበታል። ሮማን ግን አንብባ ሳትጨርስ ቁጥሩን ነክታ ደወለች። ቀድሞ ቁጥራችን ራሱ ፎቶ ላይ ነበር፤ ብዕር ፈልጋ እስክትገለብጠው ሌላ ሻጭ በሯን ያንኳኳል። ዛሬ የሆቴሏን ማንጎ ከእኛ ነው የምትወስደው።

ታዲያ ምን ተሸለምኩ? ማስጠንቀቂያ! «ማኅተም ያላረፈበት መረጃ ለሕዝብ በማሰራጨትዎ» ይላል። ተጸጸትኩ? ኧረ ወዲያ! ደብዳቤውን በተቀበልኩበት ቀንም የመኪናውን ቦታ ጻፍኩ፣ በማግስቱም ጻፍኩ፤ ዛሬ ጠዋትም ምሳችሁን ልበላ ከመምጣቴ በፊት ጽፌያለሁ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ገጿ በራሳችን አድራሻ ላይ ናት፤ ቁልፉ በእኛ እጅ ነው። ደላላው ምን ገብቶ ይጽፍባታል? ማኅተም ያለበት ወረቀት ቢሮ ይሰቀል፣ የሚጠራጠር መጥቶ ይይ። ቃሉ ግን ገበሬው ስልክ ላይ ይድረስ። ምኑ ነው ይኼን ያህል ያስቸገራችሁ?

አሁን ደግሞ ሰኞ ያቺን ገጽ የሚተካ አዲስ ዌብሳይት መጥቷል። ያምራል፣ አልዋሽም። የጸደቀበትን መንገድ ግን ላስታውሳችሁ። ኮሚቴው «እስቲ ታትሞ ይምጣ» አለ። ዌብሳይት ታትሞ! በቀለም ታተመ፣ በትልቅ ወረቀት። በየገጹ ግርጌ አጭር ፊርማ፣ ፓራፍ፣ ተደረገበት። ቃልኪዳን ከፋይናንስ «ከእኔ ኮፒ መካከል አንድ ገጽ ጎድሏል» ብላ ስብሰባው ለሌላ ቀን ተቀጠረ። አትሳቁ፣ ቃለ ጉባኤው አለ። ከዚያ በዚሁ አዳራሽ በፕሮጀክተር ግድግዳውን ሞልቶ ታየና ጭብጨባ ሆነ።

በወረቀት አየነው፣ በግድግዳ አየነው። በስልኩ የከፈተው ሰው ግን አልነበረም። ጠይቄያለሁ። «ሂሩት፣ አታካብጂው፤ የሚሠራው ሄኖክ፣ ዌብሳይቱ በየስክሪኑ ልክ ራሱን ያጠባል ብሏል» ተባልኩ። አዎ፣ ያጠባል። መክፈቻው ላይ የተቀመጠው የአቶ ሲራክ ፎቶ ግን ክብደቱን አይቀንስም። ከፎቶው ሥር መልእክታቸው አለ፣ ከመልእክቱ ሥር ራእይና ተልእኮ፣ ታች ወርዶ ወርዶ «ማስታወቂያ» የሚል ቁልፍ። እሱን ሲነኩት ምን ይመጣል? የደብዳቤው ፎቶ!

ስለዚህ አሁን ስልካችሁን አውጡ። የምሬን ነው፣ አውጡ። የቢሮውን ዋይፋይ አጥፉት፤ ግራና ላይ የዩኒየኑ ዋይፋይ የለም። ሾፌራችን ይታገሱ፣ አየሁህ፣ አጥፋ።

አቶ ሲራክ፣ እርስዎ በራስዎ ስልክ አይደለም። እትዬ ፋንቱ እዚህ አሉ፣ እዚያ ጥግ ከአሚና አጠገብ። ጥሪ አልደረሳቸውም፣ የጠራኋቸው እኔ ነኝ። እትዬ ፋንቱ፣ ስልክዎን ለአቶ ሲራክ ይስጡልኝ። አቶ ሲራክ፣ አዲሱን ይክፈቱልንና መኪናው ዛሬ የት እንደሚጭን ያንብቡልን።

እየተሽከረከረ ነው? ይሽከርከር፣ እንጠብቃለን። እስከዚያ ሄኖክን ላመስግን። ሄኖክ፣ አትሸማቀቅ። ይኼን አዲሱን ስትጀምር «እትዬ ሂሩት፣ መጀመሪያ ለስልኩ ልሥራውና ለትልቁ ስክሪን ኋላ ላስፋው?» ብለኸኝ ነበር። ልክ ነበርክ። «ከትልቁ ጀምር» ያለህ ኮሚቴው ነው። ሌላ ቦታ ስትሠራ ከትንሹ ጀምር፤ አጥብበህ ያሰብከውን ማስፋት ይቀላል፤ አስፍተህ የቆለልከውን ግን ማን ያነሳልሃል?

አቶ ሲራክ፣ እንዴት ሆነ? ፎቶዎ መጣ? ግንባርዎ ብቻ? እሱም ደግ ነው።

ይታገሱ፣ አንተ ያቺን ትንሿን ክፈታት። ምን ትላለች? ጮክ በል፣ ከኋላ አይሰማም። «ዛሬ ጭነት መርሳ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ።» ሰማችሁ?

ምን አሉ እትዬ ፋንቱ? «ካርዴን እንዳይጨርሱብኝ!» ኧረ እኔ እሞላልዎታለሁ፣ አይስጉ።

አቶ ሲራክም አንድ ነገር አሉ፤ «እናስብበታለን» ነው ያሉት። ጥሩ ነው፣ ያስቡበት። ሽንኩርቱ ግን እስኪታሰብበት አይቆይም። የግራና ሽንኩርት በሚቀጥለው ወር ይነቀላል። መኪናው ቦታ በቀየረ ቁጥር እኚህ ሴትና ጎረቤቶቻቸው እንደገና መርሳ ፀሐይ ላይ ሊቆሙ ነው። እኔ ይኼን እያወቅሁ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጡረታዬን ልበላ? አልችልም። ይኼን ቤት ስለምወደው ነው የምጣላው፤ ባልወደውማ ኬኩን ቆርሼ እሄድ ነበር።

እና በሁላችሁ ፊት ልናገር። ሰኞ ከዘጋችኋት ማክሰኞ ሌላ እከፍታለሁ። መርሳ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። የዩኒየኑን ስም አልጠራም፣ አርማውንም አልነካም። ጠዋት ጠዋት ወጥቼ መኪናው የቆመበትን በዓይኔ አይቼ፣ በስሜ እጽፋለሁ። የተሳሳተ ነገር ከጻፍኩ ገበሬው መጥቶ ይጠይቀኛል፤ ቤቴን ያውቀዋል። ያ ከማኅተም አያንስም።

ማስጠንቀቂያ ትጽፉብኝ ይሆን? ጡረተኛ ላይ ማስጠንቀቂያ አይጻፍም! ደንቡን የተየብኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ልሰናበታችሁ። ራሄል፣ ቃሌን አልጠበቅሁልሽም፣ ይቅር በይኝ፤ ደግሞ አታልቅሺ፣ መርሳ ሩቅ አይደለም። አሚና እህቴ፣ አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ይታገሱ፣ መንገዱን ሁሉ ያቅናልህ፣ በሰላም ወጥተህ በሰላም ግባ። ሄኖክ፣ የምትሠራውን ሥራ የሚረዳልህ አለቃ ይስጥህ። አቶ ሲራክ፣ ተጣልተንም ተሳስቀንም ኖረናል፤ እግዚአብሔር ጤናና ሰፊ ልብ ይስጥዎ። ለሁላችሁም የዓመት ሰው ይበላችሁ። ለሐብሩ ዝናቡን በልክ፣ ለገበያው ሰላም፣ ለወሎ ጥጋብ ያውርድልን።

አቶ ሲራክ፣ የእትዬ ፋንቱን ስልክ ይመልሱላቸው፤ መኪና እንዳያመልጣቸው። ለመሆኑ ተከፈተልዎ?

አልተከፈተም? እንግዲያው ማክሰኞ መርሳ እንተያያለን።