ሽማግሌዎቹ በማለዳ ሲመጡ

ባለቤቴ ዘሀራ ጅዳ ለሥራ ሄዳ፣ አንድ ሰሞን ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምጿ ጠፋብኝ። ታዲያ አንድ ማለዳ በሩን ብከፍት፣ ጎረቤታችን ሼህ ይመር ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ቆመዋል። በኛ አገር መርዶ የሚመጣው እንዲህ ነው። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ብላቸው፣ «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ። በቃ፣ «ወይኔ ዘሀራ!» ብዬ መሬት ላይ ተዘረጋሁ።

«ኧረ አብሽር!» አሉ ሼህ ይመር ሊያነሱኝ እየታገሉ። «ዘሀራ ምን ሆነች? እኛ ልጅህን ለእህቴ ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣነው!»

ሽማግሌ ለጋብቻም በማለዳ እንደሚመጣ ድንጋጤው አስረስቶኝ ኖሯል። ደንቡ «ከዘመድ ልማከር» ብሎ ሁለት ሦስቴ ማመላለስ ነው። እኔ ግን ከመሬት ሳልነሳ «ሰጥቻለሁ! ሰጥቻለሁ!» አልኩ። አስተማሪዋ ልጄ ከጓዳ ብቅ ብላ «አባ፣ እኔን ሳትጠይቅ?» ብላ አፈጠጠችብኝ፤ ደግነቱ ልጁን ሽማግሌ ላክ ያለችው ራሷ ናት።

በሦስተኛው ቀን ዘሀራ ደወለች። ስልኳ ተበላሽቶባት ነው። የሆነውን ብነግራት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ያለ እኔ በአንድ ቃል ሰጠሃት?» ብላ ጮኸችብኝ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ «ጩኺ የኔ እመቤት፣ እስቲ ደግመሽ ጩኺ» አልኳት።